ታካሚው ነቅቶ እያለ በፋይበር ኦፕቲክ ቲዩብ ለማስገባት ጉሮሮና ማንቁርትን ስለማደንዘዝ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ይህ ገጽ ለአኔስቴቲስቶች፣ ለአኔስቴዥያ ሬዚደንቶችና በኦፕሬሽን ክፍል አብረዋቸው ለሚሠሩ ነርሶች የተዘጋጀ ነው። ስለ ስኮፑ (ውስጡን የሚያሳየው ቀጭን ተጣጣፊ የፋይበር ኦፕቲክ መሣሪያ) አያያዝ ብዙ አንልም። ነቅቶ ባለ ታካሚ ላይ የሚሞከር ኢንቱቤሽን (ቲዩብ ወደ አየር ቧንቧ ማስገባት) አብዛኛውን ጊዜ የሚበላሸው ስኮፑ ከመነሳቱ በፊት ነውና። በደንብ በደነዘዘ ጉሮሮ ጀማሪም ይሠራል፤ ባልደነዘዘ ጉሮሮ የለመደ እጅም ይቸገራል።

ለየትኛው ታካሚ ነው የሚደረገው?

የቃጠሎ ጠባሳ አንገቱን አኮማትሮ አገጩን ወደ ደረቱ ለጎተተበት፣ የመንጋጋ መገጣጠሚያው ተቆልፎ አፉ አንድ ጣት እንኳ ለማያስገባ፣ ትልቅ እንቅርት የአየር ቧንቧውን ለገፋበት፣ ከጥርስ በተነሳ ኢንፌክሽን የምላሱና የአገጩ ሥር ላበጠ፣ የአንገት አጥንቱ ለተናጋ፣ ወይም አፍና ጉሮሮው ውስጥ ዕጢ ላለበት። ሁሉንም የሚያገናኛቸው አንድ ሥጋት ነው፤ ካስተኛናቸው በኋላ በማስክ አየር መስጠት ካቃተን መመለሻ የለንም። ነቅቶ ያለ ሰው ግን ራሱ ይተነፍሳል፣ የጡንቻዎቹ ውጥረትም መንገዱን ክፍት አድርጎ ይይዝለታል።

ታካሚው እምቢ ካለ፣ ወይም መመሪያ መከተል ካልቻለ፣ ዘዴው አይሠራም። በግድ የሚደረግ ነገር አይደለም።

አንድ ቦታ ላይ መርጨት አይበቃም? የትኛው ክፍል ነው መደንዘዝ ያለበት?

አይበቃም፤ መንገዱ ለተለያዩ ነርቮች የተከፋፈለ ነው። የአፍንጫ ስሜት ከአምስተኛው የራስ ቅል ነርቭ ከትራይጀሚናል ይመጣል። የምላስ የኋላ ሲሶ፣ የቶንሲል ግድግዳ፣ የጉሮሮ ጀርባና የኤፒግሎቲስ (የማንቁርት ክዳን) የፊት ገጽ የዘጠነኛው ነርቭ የግሎሶፋሪንጂያል ድርሻ ናቸው፤ የማስመለስ ግፊት በዋናነት የሚነሳው ከዚህ ነው። ከኤፒግሎቲስ የኋላ ገጽ እስከ ድምፅ አውታሮች ያለው ቦታ የላይኛው ላሪንጂያል ነርቭ የውስጥ ቅርንጫፍ ነው። ከአውታሮቹ በታች ያለው ማንቁርትና የአየር ቧንቧው የሪከረንት ላሪንጂያል ነርቭ ነው። ሁለቱም ላሪንጂያል ነርቮች የአሥረኛው ነርቭ የቬገስ ቅርንጫፎች ናቸው።

ክፍፍሉን ማወቅ ሥራ ላይ ይጠቅማል፤ ታካሚው የት ላይ እንዳስቸገረ አይታችሁ የቱ እንደጎደለ ታውቃላችሁና። ስኮፑ የምላስ ሥር ሲነካ ማስመለስ ከሞከረ የዘጠነኛው ክልል አልደነዘዘም። ኤፒግሎቲስን ሲያልፍ አውታሮቹ ጥርቅም ካሉ የላይኛው ላሪንጂያል ነው። አውታሮቹ ከታለፉ በኋላ ሳሉ ካላቋረጠ መድኃኒቱ የአየር ቧንቧው ውስጥ አልደረሰም።

ሪከረንት ነርቭን በመርፌ ለመዝጋት ፈጽሞ አይሞከርም። ስሜት ብቻ ሳይሆን አውታሮቹን የሚከፍተውን ጡንቻም የሚያዝዘው እሱ ነው፤ በሁለቱም ወገን ቢዘጋ አውታሮቹ መሐል ላይ ተጠጋግተው ትንፋሽ ያግዳሉ። ስለዚህ ከአውታር በታች ያለው የሚደነዝዘው ገጹ ላይ መድኃኒት በማፍሰስ ብቻ ነው።

ከማደንዘዝ በፊት የሚሰጠው ምራቅ ማድረቂያ ግዴታ ነው?

በእኛ ግምት ከሁሉም እርምጃ አብልጦ የሚዘለለውና ከሁሉም አብልጦ ዋጋ የሚያስከፍለው ይሄ ነው። ምራቅ ማደንዘዣውን ሊዶኬይንን ያቀጥነዋል፣ ከሥጋው ጋር እንዳይገናኝ ይጋርደዋል፣ ሲዋጥም ይዞት ይሄዳል። በዚያ ላይ የስኮፑን ሌንስ ይሸፍናል።

ግላይኮፒሮሌት ካለ ከ0.2 እስከ 0.4 ሚ.ግ በደም ሥር ይሰጣል፤ ማደንዘዝ ከመጀመሩ 15–20 ደቂቃ ቀደም ብሎ መሆን አለበት። በጡንቻ ከሆነ ከ30 እስከ 60 ደቂቃ ይቀድማል። ከሌለ አትሮፒን 0.4–0.6 ሚ.ግ በጡንቻ ይሠራል። አትሮፒን ልብን ያፈጥናል፣ ወደ አንጎል ስለሚያልፍም አረጋውያንን ሊያደናግር ይችላል፤ የልብ ቫልቭ ጥበት ወይም የልብ ደም ሥር ሕመም ያለበት ላይ ሁለት ጊዜ ይታሰብበት።

መድኃኒቱ አዲስ ምራቅ እንዳይመነጭ ያደርጋል እንጂ ያለውን አያደርቅም። ስለዚህ ከመርጨታችሁ በፊት በሳክሽን ምጠጡ፣ ምላሱንም በደረቅ ጎዝ ጥረጉት። ኦፕሬሽን ክፍል ከደረሰ በኋላ ሰጥቶ ወዲያው መርጨት መጀመር ካለመስጠት ብዙም አይሻልም። ዋርድ እያለ እንዲሰጠው ከተረኛዋ ነርስ ጋር ቀድሞ መነጋገር ነው የሚያዋጣው።

ምን ያህል ሊዶኬይን መጠቀም ይቻላል?

የእንግሊዝ የአስቸጋሪ ኤርዌይ (የትንፋሽ መንገድ) ማኅበር በ2019 እ.ኤ.አ. ይፋ ባደረገው መመሪያ ያስቀመጠው ጣሪያ በኪሎ 9 ሚ.ግ ነው። የሚሰላው ስብ ሳይጨምር በሚታሰበው ክብደት ነው፤ 110 ኪሎ የሚመዝን ሰው በ110 አይባዛም። ጣሪያ ማለት ደግሞ ዒላማ ማለት አይደለም። ጉበቱ ወይም ልቡ የደከመ፣ በዕድሜ የገፋ፣ ወይም ሰውነቱ የከሳ ታካሚ ላይ ከዚህ በብዙ ዝቅ ብለን እንቆማለን።

ስህተት የሚበዛው ፐርሰንትን ወደ ሚሊግራም በመቀየር ላይ ነው። 1% ማለት በ1 ሚ.ሊ 10 ሚ.ግ ነው። ስለዚህ 2% ፈሳሽም ሆነ ጄል 20፣ 4% ደግሞ 40 ሚ.ግ በሚ.ሊ ይይዛል። 10% ስፕሬይ አንድ ጊዜ ሲጫን 10 ሚ.ግ ይረጫል።

በምሳሌ እንየው። ስብ ሳይጨምር 50 ኪሎ የሚሆን ታካሚ ጣሪያው 450 ሚ.ግ ነው። በ2% ወፍራም ፈሳሽ 5 ሚ.ሊ ከተጉመጠመጠ 100 ሚ.ግ ሄደ፤ ቢተፋውም ሙሉውን ቁጠሩት። 10% ስፕሬይ 10 ጊዜ፣ ሌላ 100። አፍንጫ ውስጥ 2% ጄል 2 ሚ.ሊ፣ 40። በስኮፑ ውስጥ 2% ሦስት ጊዜ ሁለት ሁለት ሚ.ሊ፣ 120። ድምሩ 360 ሚ.ግ ነው። የቀረው 90 ሚ.ግ፣ ማለትም 4.5 ሚ.ሊ የ2% ሊዶኬይን ነው፤ እሱም ላልታሰበ ነገር ይቀመጣል። በኔቡላይዘር (መድኃኒትን በጭጋግ መልክ በሚያስተነፍስ መሣሪያ) 4% 4 ሚ.ሊ ብንጨምርበት ኖሮ ሌላ 160 ሚ.ግ ተደምሮ ከጣሪያው በላይ እንወጣ ነበር።

ሒሳቡን በቃል አትያዙት። አንድ ሰው ነጭ ወረቀት ላይ በሚሊግራም (በሚሊሊትር ሳይሆን) እየጻፈ ድምሩን ጮክ ብሎ ይናገር። ሰርጀኑ ቆዳ ላይ የሚወጋው ሊዶኬይንም እዚሁ ድምር ውስጥ ይገባል፤ ቲዩቡ ከገባ በኋላ ይህን ለሰርጀኑ መንገር ይረሳል።

4% የለንም፤ ያለን የመርፌ 2% ብቻ ነው። ይሠራል?

ይሠራል። የሚዘገየው ትንሽ ነው፣ የሚያስፈልገው ፈሳሽም ይበዛል። ሁለት ነገር ተጠንቀቁ። አንደኛ ጠርሙሱ ላይ አድሬናሊን የተቀላቀለበት መሆን አለመሆኑን አንብቡ። ሁለተኛ ታካሚው ብዙ ፈሳሽ ሲገባበት ስለሚውጥ በየጊዜው ያዝ አድርጋችሁ አስተፉት። 10% ስፕሬይ ከተገኘ ከአፍ እስከ አውታር ያለውን በእሱ፣ ከአውታር በታች ያለውን በ2% ብትከፍሉት ለሁለቱም ይበቃል።

ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ቅደም ተከተሉ ምን ይመስላል?

ምራቅ ማድረቂያው ከተሰጠ በኋላ ታካሚው ተቀምጦ ወይም ግማሽ ቀና ብሎ ይሁን፤ ተኝቶ የሚደረገው የግድ ሲሆን ብቻ ነው። የደም ሥር መስመር፣ ኢሲጂ፣ የደም ግፊትና ፐልስ ኦክሲሜትር (የደም ኦክስጅን መለኪያ) ይያያዙ። ኦክስጅን በአፍንጫ ቱቦ ከዚህ ጀምሮ ይገባል፣ እስከ መጨረሻው አይነሳም። ሳክሽኑ በርቶ እንደሚስብ በእጅ ይሞከር።

በአፍንጫ የምትገቡ ከሆነ ከአፍንጫ ጀምሩ፤ ጊዜ የሚወስደው እሱ ነውና። ከዚያ ታካሚው 5 ሚ.ሊ የ2% ወፍራም ሊዶኬይን ጉሮሮው ድረስ እየተጉመጠመጠ ሁለት ደቂቃ ያህል ይያዝና ይትፋው። ቀጥሎ 10% ስፕሬይ ነው። መጀመሪያ ምላስና ላንቃ፣ ደቂቃ ቆይቶ የቶንሲል ቅስቶች በግራና በቀኝ፣ እንደገና ቆይቶ የምላስ ሥርና የጉሮሮ ጀርባ። ሲተነፍስ ወደ ውስጥ በሚስብበት ቅጽበት ከረጫችሁ ጭጋጉ ራሱ ወደ ማንቁርት ይሄዳል። ሁሉንም በአንድ ጊዜ ወደ ጥልቁ መርጨት ሳልና ማስመለስ ብቻ ነው የሚያመጣው፤ ከፊት ወደ ኋላ እየደነዘዘ መሄድ አለበት።

የምላስ ሥር ካስቸገረ 5% ቅባት በምላስ መያዣ እንጨት ጫፍ ላይ አድርጎ ኋላ ላይ ማስቀመጥ ይቻላል፤ በሰውነት ሙቀት እየቀለጠ ይወርዳል። ሌላው ዘዴ ምላሱን በጎዝ ይዞ ወደ ፊት ሳብ ማድረግና 2 ሚ.ሊ ሊዶኬይን ጠብ ጠብ እያደረጉ ምላስ ጀርባ ላይ ማፍሰስ ነው። ምላሱ የተያዘ ሰው መዋጥ ስለሚያቅተው መድኃኒቱ ወደ ማንቁርት ይወርዳል። ሲተነፍስ ጉሮሮው ውስጥ መንቆርቆር ከተሰማና ትንሽ ከሳለ ቦታው ደርሷል ማለት ነው።

ከዚያ መደንዘዙን ሞክሩት፣ ስኮፑን አስገቡ፣ ከአውታሮቹ በላይና በታች ያለውን በስኮፑ በኩል ጨርሱ። ከመጀመሪያው ስፕሬይ እስከ ቲዩቡ መግባት ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ቢፈጅ የተለመደ ነው። ሊዶኬይን ከ2 እስከ 5 ደቂቃ ውስጥ ይጀምራል፤ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ግን መልቀቅ ስለሚጀምር ካደነዘዛችሁ በኋላ ስኮፕ ፍለጋ መሄድ አይቻልም።

ኔቡላይዘር ብቻውን ይበቃል?

አልፎ አልፎ። 4 ሚ.ሊ የ4% ሊዶኬይን ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ማስተንፈስ ለታካሚው ምቹ ነው፤ አፉ የማይከፈት ሰው ላይ ጥሩ መነሻ ነው። ችግሩ ብዙው መድኃኒት በየትንፋሹ ወደ ውጭ መባከኑ ነው፤ ወደ ውስጥ ከገባው ውስጥም ደቃቁ ጠብታ ማንቁርቱን አልፎ ሳንባ ውስጥ ይገባና ወደ ደም ይሄዳል። የኦክስጅኑን ፍሰት በደቂቃ ከ6 ሊትር በታች ብታደርጉት ጠብታው ተለቅ ይልና ላይ ላይ ይቀራል። ማስኩን አድርጎ በአፉ በረጅሙ እንዲተነፍስ ንገሩት። ከዚያ በኋላም ስፕሬይ ወይም በስኮፕ የሚሰጥ ጭማሪ እንደሚያስፈልግ አስቡ፤ ለዚያ የሚሆን ሚሊግራም አስተርፉ።

መርጫ መሣሪያ የለንም። በምን እንርጭ?

ኦፕሬሽን ክፍል ውስጥ ባለ ዕቃ መሥራት ይቻላል። 20 ቁጥር ካኑላ ውሰዱ፣ መርፌውን አውጥታችሁ ጣሉ፤ የፕላስቲኩን ቱቦ ከባለ ሦስት መንገድ ቧንቧ ጋር፣ እሱን ደግሞ ከኦክስጅን ቱቦ ጋር አገናኙ። ኦክስጅኑን በደቂቃ ከ2 እስከ 4 ሊትር ክፈቱ። ሊዶኬይን የያዘውን 5 ሚ.ሊ ሲሪንጅ በሌላው ቀዳዳ ሰክታችሁ በዝግታ ስትገፉ ኦክስጅኑ ፈሳሹን እየሰነጠቀ በጭጋግ መልክ ያወጣዋል። አጥብቃችሁ ከገፋችሁ ጭጋግ ሳይሆን ጅረት ይሆናል። ጫፉ ከሥጋ ጋር እንዳይጣበቅ፣ ፍሰቱም ከተባለው እንዳይበልጥ ተጠንቀቁ፤ በኦክስጅን ግፊት ሥጋ መቅደድ ይቻላልና።

በአፍንጫ ስንገባ ደም እንዳይመጣ ምን እናድርግ?

የትኛው ቀዳዳ እንደሚሻል አንዱን እየደፈኑ በማስተንፈስ እዩ። ደም ሥር የሚያጠብብ መድኃኒት፣ ለምሳሌ ዛይሎሜታዞሊን 0.1%፣ በሁለቱም ቀዳዳ ርጩና ከ5 ደቂቃ ያላነሰ ጠብቁ። ከዚያ በ4% ሊዶኬይን የራሰ ቀጭን ጥጥ ወይም ጎዝ በአፍንጫው ወለል በኩል አግድም (ወደ ላይ ሳይሆን) አስገብታችሁ ሌላ 5 ደቂቃ ተዉት። ጄል የተቀባ ለስላሳ የአፍንጫ ኤርዌይ (አጭር ቱቦ) ማስገባት መንገዱን ለማየት ያገለግላል፤ እያተለቁ ሦስት አራቱን መለዋወጥ ግን ራሱ ያደማል።

ቲዩቡ 6.0 ወይም 6.5 ቢሆን ይሻላል፤ ለብ ባለ ሳላይን ውስጥ ቢቆይ ይለሰልሳል። የራስ ቅል ወለል ስብራት ለተጠረጠረበትና ደም ማቅጠኛ ለሚወስድ ሰው አፍንጫን ተዉት።

በነገራችን ላይ ፊኒሌፍሪን (ሌላው ደም ሥር የሚያጠብብ መድኃኒት) ያለበት ስፕሬይ በብዛት ተረጭቶ የደም ግፊቱ ቢወጣ በቤታ ብሎከር ለማውረድ አትቸኩሉ፤ ልብ በከፍተኛ ግፊት ላይ ሳለ ጉልበቱን ሲያጣ ሳንባ ውሃ ሊይዝ ይችላል። ብዙውን ጊዜ በራሱ ይወርዳል።

በስኮፑ ውስጥ መድኃኒት የሚሰጠው እንዴት ነው?

ከሁሉም የሚመረጠው የኤፒዱራል ካቴተር (ለጀርባ ማደንዘዣ የሚያገለግል ቀጭን ቱቦ) ነው። 16 ቁጥሩን በስኮፑ የሥራ ቀዳዳ አስገብታችሁ ጫፉ ከስኮፑ አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ብቅ ይበል። ጎን ለጎን ቀዳዳዎች ያሉት ከሆነ ጫፉን ቆርጣችሁ አንድ ቀዳዳ ብቻ አስቀሩ፤ አለዚያ ፈሳሹ ወደየጎኑ ይንጠባጠባል እንጂ ወደምታዩት ቦታ አይሄድም።

ካቴተር ከሌለ በቀጥታ በቀዳዳው ይሰጣል፤ በ5 ሚ.ሊ ሲሪንጅ ውስጥ 2 ሚ.ሊ ሊዶኬይንና ቀሪውን አየር ይዛችሁ ሲሪንጁን ቀጥ አድርጋችሁ ግፉ። አየሩ ከኋላ ሆኖ ቀዳዳው ውስጥ የሚቀረውን ያስወጣዋል። ይህን ስታደርጉ ሳክሽኑ ከስኮፑ ይነቀል፤ ካልተነቀለ መድኃኒቱ በሙሉ ወደ ሳክሽን ጠርሙስ ይሄዳል። «ሁለት ጊዜ ሰጠን፣ አልሠራም» የሚባለው ቅሬታ ብዙ ጊዜ መልሱ እዚህ ነው።

መጀመሪያ አውታሮቹ ከላይ ሲታዩ 2 ሚ.ሊ፤ ታካሚው ሲስል ምስሉ ይጠፋልና ስኮፑን ትንሽ መልሱ። አንድ ደቂቃ፣ ከተቻለ ሁለት፣ በሰዓት ቆጥራችሁ ጠብቁ። ቀጥሎ አውታሮቹ ላይ 2 ሚ.ሊ፤ እንደገና ጠብቁ። በመጨረሻ ስኮፑ ወይም ካቴተሩ በአውታሮቹ መሐል ካለፈ በኋላ የአየር ቧንቧው ውስጥ 2 ሚ.ሊ። በጣም ቀጭን የሕፃናት ስኮፖች የሥራ ቀዳዳ የሌላቸው አሉና ቀድማችሁ አረጋግጡ።

በዚያው ቀዳዳ ኦክስጅን በግፊት መንፋት ይቅርባችሁ። ጫፉ የምግብ ቧንቧ ውስጥ ከገባ ሆድ ይነፋል፤ ሆድ ሊቀደድም ይችላል።

በአንገት በኩል በመርፌ መስጠት መቼ ይመረጣል?

የአየር ቧንቧውን በአንድ ጊዜ በደንብ ለማደንዘዝ ከዚህ የሚበልጥ የለም። የማንቁርት ልስልስ አጥንቶች በሆኑት በታይሮይድና በክሪኮይድ መካከል ያለውን ሽፋን በጣት ፈልጉ። መሐል ላይ፣ ወደ ክሪኮይዱ ጠርዝ ጠጋ ብላችሁ ግቡ፤ አነስተኛዋ የደም ሥር የምታልፈው በላይኛው ግማሽ ነውና። ቆዳውን በጥቂት ሊዶኬይን አደንዝዙ። 20 ወይም 22 ቁጥር ካኑላ ከሳላይን ሲሪንጅ ጋር አያይዛችሁ እየሳባችሁ ግቡ። አረፋ ሲመጣ ፕላስቲኩን ወደ ፊት ግፉ፣ መርፌውን አውጡ፣ እንደገና ስባችሁ አየር መሆኑን አረጋግጡ። ከዚያ ታካሚው ትንፋሹን እንዲያስወጣ አድርጉና ልክ ወደ ውስጥ መሳብ ሲጀምር 2–3 ሚ.ሊ የ4% ወይም 4 ሚ.ሊ የ2% በፍጥነት ስጡ። በኃይል ይስላል፤ መድኃኒቱን ወደ አውታሮቹ የሚበትነው ያው ሳል ነው። መርፌ ትታችሁ በፕላስቲክ የምትሰጡትም ለዚህ ነው፤ በሚስል ሰው ውስጥ የተተወ ብረት የኋላውን ግድግዳ ወግቶ የምግብ ቧንቧ ይደርሳል።

ሽፋኑ በእጅ ካልተገኘ፣ ቦታው ላይ ኢንፌክሽን ወይም ዕጢ ካለ፣ ደም የመርጋት ችግር ካለ፣ ወይም አንገቱ ተናግቶ ሳል የሚጎዳው ከሆነ ተዉት። የአገጭ ሥር ኢንፌክሽን ወደ አንገት የወረደበት ሰውም ከእነዚህ ውስጥ ይቆጠራል።

የነርቭ ብሎክስ (ነርቩን ራሱን በመርፌ ማደንዘዝ) ያስፈልጋል?

ለብዙዎቹ ታካሚዎች አያስፈልግም። የላይኛው ላሪንጂያል ነርቭ ብሎክ ከማንቁርት በላይ ያለው የሃዮይድ አጥንት ትልቁ ቀንድ ሥር በ23 ቁጥር መርፌ በእያንዳንዱ ወገን 2 ሚ.ሊ የ2% ሊዶኬይን በመስጠት ይሠራል። ከመስጠት በፊት ስትስቡ አየር ከመጣ ጉሮሮ ውስጥ ገብታችኋል፣ ደም ከመጣ የደም ሥር ውስጥ፤ ሁለቱም ላይ መልሱ። የዘጠነኛው ነርቭ በአፍ ውስጥ በፊተኛው የቶንሲል ቅስት ሥር ጥልቀቱ ግማሽ ሴንቲ ሜትር በሆነ ቦታ ይሰጣል፤ ካሮቲድ (ትልቁ የአንገት ደም ሥር) በቅርብ ስላለ ሳይስቡ መስጠት የለም። የሚጠቅመውም የምላስ ሥር በግፊት ሲነካ የሚነሳውን የማስመለስ ስሜት ለማጥፋት ነው፤ ያ ስሜት ከገጽ በታች ስለሚነሳ ስፕሬይ ሁልጊዜ አይደርስበትም። በመርፌ ፋንታ በ4% የራሰ ጎዝ ቅስቱ ሥር 5 ደቂቃ ማስቀመጥ ተቀራራቢ ውጤት ያስገኛል፤ እኛ የምንመርጠውም እሱን ነው።

መደንዘዙን እንዴት እናውቃለን?

ድምፁ ይጎረንናል፤ መዋጥ እንዳስቸገረው ይናገራል። ግን ይህን ብቻ አትመኑ። የሳክሽን ጫፍ በቀስታ ጉሮሮው ጀርባና ቶንሲሎቹ ላይ አስነኩ፤ ካላስመለሰው ወደ ስኮፕ እለፉ። ካስመለሰው በዚያው ቦታ ላይ ጨምሩ፣ ጠብቁ፣ እንደገና ሞክሩ። ፈተናው ደም እንዳያመጣ ለስላሳ ይሁን።

ሁሉን አድርገን አሁንም ይስላል፣ ያስመልሰዋል። ምን ጎደለ?

አብዛኛውን ጊዜ ትዕግሥት። ከዚያ ቀጥሎ ምራቅ፣ ከዚያ ደግሞ መድኃኒቱ የወደቀበት ቦታ። ኢንፌክሽን ያለበት ሥጋ አሲዳማ ስለሆነ ሊዶኬይን በነርቩ ሽፋን ውስጥ ማለፍ ያቅተዋል፤ የአገጭ ሥር እብጠት ያለበትን ሰው የቱንም ያህል ብትረጩት በሙሉ ላይደነዝዝ ይችላል። ሚሊግራሙ ካለቀ ግን አለቀ። ጣሪያው ላይ ደርሳችሁ ካልሆነላችሁ ቀጠሮ መቀየር፣ ወይም በአካባቢ ማደንዘዣ ትራኪዮስቶሚ (አንገት ላይ ወደ አየር ቧንቧ ቀዳዳ መክፈት) መሥራት ከሰርጀኑ ጋር የሚመከርበት ጊዜ ነው።

ስኮፑ ገብቶ ቲዩቡ ብቻ እምቢ ካለ ማደንዘዣውን አትውቀሱት። ጫፉ ቀኝ አሪቲኖይድ (ከአውታሮቹ ኋላ ያለ ትንሽ ልስልስ አጥንት) ላይ ተደግፎ ይሆናል፤ ትንሽ መልሳችሁ ወደ ግራ 90 ዲግሪ አዙሩና ግፉ።

ማስታገሻ ብንጨምርለት አይሻልም?

ጥቂት ይሻላል፤ ብዙ ግን ያደረግነውን ሁሉ ያፈርሳል። ሚዳዞላም 1 ሚ.ግ፣ ፈንታኒል 25–50 ማይክሮግራም እየቆጠቡ መስጠት ይቻላል። ዴክስሜዴቶሚዲን ካለ በኪሎ ከ0.5 እስከ 1 ማይክሮግራም በ10 ደቂቃ ቢሰጥ ትንፋሽን ብዙ ሳይነካ ያረጋጋል፤ የልብ ምትና ግፊት ግን ያወርዳል። ኬታሚን ምራቅ ያበዛል። ዓላማው ጥያቄ ስትጠይቁት የሚመልስ ታካሚ ነው። መድኃኒቱን የሚሰጠው ስኮፑን የያዘው ሰው ባይሆን ይመረጣል፤ ሁለት ሥራ ላይ አንድ ዓይን አይበቃም።

ሲታገል ማስታገሻ የጨመረ ሰው ያልደነዘዘ፣ ኦክስጅኑ የወረደ፣ ትእዛዝ የማይሰማ ታካሚ ይዞ ይቀራል።

ሲተነፍስ የሚያፏጭ ታካሚን ማደንዘዝ አደጋ አለው?

አለው። መንገዱ እስክሪብቶ ቀፎ ያህል ሲጠብ ጥቂት ሳል፣ ጥቂት ደም፣ ወይም የአውታሮቹ ድንገተኛ መኮማተር ሙሉ በሙሉ ሊዘጋው ይችላል። ስኮፑ ራሱም ቀዳዳውን ይደፍነዋል። እንዲህ ያለ ሰው ላይ ማስታገሻ አይሰጥም፣ ተቀምጦ ይሠራል፣ አንገቱ ላይ መስመር ተሠምሮ ሰርጀኑ ጓንት አድርጎ ይቆማል። ወዲያው ትራኪዮስቶሚ መሥራት የሚሻልበት ታካሚ እንዳለም መርሳት አይገባም።

መመረዝ ቢጀምር እንዴት እናውቃለን፣ ምን እናደርጋለን?

የከንፈር መደንዘዝ የመጀመሪያው ምልክት ነው ይባላል፤ እዚህ ግን አፉን ራሳችን አደንዝዘነዋልና አይረዳም። የጆሮ ጩኸት፣ የብረት ጣዕም፣ መቅበዝበዝ፣ የአነጋገር መደናቀፍ፣ የጡንቻ መንቀጥቀጥ ካያችሁ መድኃኒቱን አቁሙ። ቲዩቡ ከገባ በኋላም መጠኑ በደም ውስጥ ሊጨምር ስለሚችል፣ ባስተኛችሁት ሰው ላይ የመጀመሪያው ምልክት የልብ ምት መዛባት ወይም የግፊት መውደቅ ሊሆን ይችላል።

እርዳታ ጠይቁ፣ 100% ኦክስጅን ስጡ፣ የሚጥለው ከሆነ ሚዳዞላም ወይም ዲያዜፓም ስጡ። የ20% የስብ ኢሙልሽን በኪሎ 1.5 ሚ.ሊ በሁለት ሦስት ደቂቃ፣ ቀጥሎ በኪሎ 0.25 ሚ.ሊ በደቂቃ። ለ60 ኪሎ ሰው 90 ሚ.ሊ፣ ከዚያ በደቂቃ 15 ሚ.ሊ ማለት ነው። ድምሩ በኪሎ ከ12 ሚ.ሊ አይለፍ። አድሬናሊን ካስፈለገ በኪሎ ከ1 ማይክሮግራም ያልበለጠ በትንሽ በትንሹ። ለልብ ምቱ መዛባት ሊዶኬይን አይሰጥም።

ቤንዞኬይን ወይም ፕሪሎኬይን ከተጠቀማችሁና ኦክስጅን እየሰጣችሁ ኦክሲሜትሩ 85% አካባቢ ከቆመ፣ ደሙም ቡናማ ከሆነ ሜትሄሞግሎቢን (ኦክስጅን መሸከም የማይችል የተለወጠ ሄሞግሎቢን) አስቡ። ሜቲሊን ብሉ በኪሎ ከ1 እስከ 2 ሚ.ግ በ5 ደቂቃ ይሰጣል፤ የጂ6ፒዲ (ቀይ የደም ሴሎችን የሚጠብቅ ኢንዛይም) እጥረት ላለበት ግን ደም ስለሚያፈርስ አይሆንም።

ለሕፃናትስ?

ትንሽ ልጅ ነቅቶ አይታገስም። አብዛኛውን ጊዜ በጋዝ ተኝቶ ራሱ እየተነፈሰ ይሠራል፤ ሊዶኬይኑም በኪሎ ከ4–5 ሚ.ግ አይበልጥም።

ለታካሚው ምን ብለን እንንገረው?

እውነቱን፣ ከመጀመራችሁ በፊት፣ በሚገባው ቋንቋ። «እማማ፣ መድኃኒቱ መራራ ነው፤ አይዋጡት፣ ይጉመጥመጡትና እዚህ ይትፉት። ጉሮሮዎ ያበጠ ይመስልዎታል፣ ምራቅዎም አልዋጥ ይልዎታል፤ ትንፋሽዎ ግን አይቆምም። ካስጨነቀዎት ግራ እጅዎን ያንሱ፣ እናቆማለን።» ቲዩቡ ሲያልፍ ድምፅ እንደማይወጣቸው፣ ያን ጊዜም ወዲያው እንደምታስተኟቸው ጨምሩበት፤ ያልተነገረው ሰው በዚያች ቅጽበት በድንጋጤ ቲዩቡን ይጎትታል። እጃቸውን ያነሱ እንደሆነ ደግሞ በእርግጥ አቁሙ።

ማስተኛ መድኃኒቱ የሚሰጠው የአየር ቧንቧው ለሁለት የሚከፈልበት ቦታ በስኮፑ ታይቶ፣ ካፕኖግራፉም (የሚተነፈሰውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚለካው መሣሪያ) ሞገድ ካሳየ በኋላ ነው።

ከኦፕሬሽኑ በኋላ መቼ ይብላ?

ማደንዘዣው ከተረጨ ቢያንስ 2 ሰዓት እስኪያልፍ በአፉ ምንም አይግባ፤ የደነዘዘ ማንቁርት ውሃ ሲገባበት አይስልም። ሰዓቱን ቻርቱ ላይ ጻፉት፣ ለሪከቨሪ ነርሷም፣ አጥሚት ይዘው ለሚጠብቁት ቤተሰቦቹም ንገሩ። ሰዓቱ ሲሞላ መጀመሪያ ቀና ብሎ አንድ ጉንጭ ውሃ ይሞከር፤ ትን ካላለው ይቀጥላል።